ቆማ የተለቀሰላት

የምንተኛበት የአዳሪ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው ቋ፣ ቋ ይላል። ሌሎቹ ልጃገረዶች አይሰሙትም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ከትራሴ ቀና እላለሁ፤ አጠገቤ የምትተኚው አንቺም ትስቂብኛለሽ። «ቆርቆሮ የምትፈራ የቆላ ልጅ!» ትያለሽ። እንግዲያው ልንገርሽና ከዚያ ሳቂ።

መተማ ውስጥ ከሣር ጎጆ ወጥተው ቆርቆሮ ቤት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ እኛ ነበርን። ጣልያን መንገድ የሚያሠራበት ጊዜ ነው። ድንጋይ ለሚፈልጥ፣ አፈር ለሚዝቅ፣ አህያ ለሚያከራይ ሁሉ የወረቀት ሊሬ ይታደል ነበር። አባቴ አህዮቹን ነድቶ ድንጋይ ማመላለስ ያዘ። በዚያ ዓመት ሰሊጥ አልዘራም። በሚቀጥለውም አልዘራም። እናቴ «ኧረ አንተ ሰው፣ ማሳው እኮ ዱር ሆነ» ስትለው «ጣልያን እያለልኝ እዚያ ፀሐይ ላይ ምን ሊያጎነብሰኝ!» ብሎ ሳቀባት። ለዘር ብለን ጉድጓድ ውስጥ የከተትነውን ማሽላ እንኳ አውጥተን ሸጥነው። እኛ ብቻ አልነበርንም፤ ሰፈሩ እንዳለ ዘሩን ሽጦ ማካሮኒ ይበላ ነበር።

ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ነበረው። «ወላሂ፣ እናንተ ሰዎች አንድ ቀን ወረቀት ልትበሉ ነው» ይለን ነበር። እሱ ሊሬ በእጁ አያሳድርም፤ በዚያው ቀን ድንበር ማዶ ወደ ገላባት አሻግሮ በጨውና በጨርቅ ይለውጠዋል። አባቴ «ፈሪ» ይለው ነበር።

ገንዘቡ አዝማሪ አመጣ። ከመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር አጠገብ አዲስ ጠጅ ቤት ተከፍቶ ነበርና እዚያ ገባ። አመሻሽ ላይ ከወንዝ ውኃ ቀድተን ስንመለስ፣ የጠጁ ሽታና የካሚዮኖቹ ቤንዚን ተቀላቅሎ አፍንጫችንን ይይዘናል፤ ማሲንቆው ደግሞ እግራችንን። ሴቶቹ ሁሉ እንስራቸውን እንዳዘሉ አጥሩ ሥር ይቆማሉ። እህቴም ትቆማለች።

እህቴ ቆንጆ ነበረች። እህቴ ስለሆነች አይደለም እንዲህ የምልሽ፤ በቅናት ስነድ ስለኖርኩ ነው። አዝማሪው አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አያት፤ ከወንበሩ ተነሥቶ በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ አላት፦

መተማ ቢቃጠል ጎጆው ሁሉ ቢነድ፣
እኔ ምን ቸገረኝ ካንቺ ጋራ ብሄድ።

ጠጅ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ጊዜ ሆዳችን ሞልቶ ስለነበር ጥፋት ውብ ነገር ይመስለን ነበር። ሰካራሞቹ «አቃጥለው! አቃጥለው!» ይሉታል። እሱም በየማምሻው ይጨምራል፤ አንዴ የጓንግን ወንዝ ያስሞላል፣ አንዴ ሰማዩን ይቀድዳል፣ እሷን ግን ሁልጊዜ አቅፎ ያወጣታል። ከሁሉም በእህቴ ልብ ውስጥ የቀረው ይህኛው ነው፦

ሰማዩ ቢከፈት እሳቱ ቢወርድም፣
አንቺን ሳልይዝ ወጥቼ ጓንግን አልሻገርም።

እኛ አገር ወንድ በአደባባይ አንዲት ሴት ለይቶ ግጥም ከሰጠ፣ ሴቲቱም አንገቷን ሰብራ ከሰማችው፣ ነገሩ ያለቀ ያህል ነው። ሽማግሌ ባይላክም ሰፈሩ ያውቀዋል። እህቴ ሰማችው። የእሱ ሆነች።

ከዚያ አንድ ጠዋት የመንገዱ ሥራ ቆመ። የጣልያንና የእንግሊዝ ጦርነት መጣ ተባለ። ካሚዮኖቹ ድንጋይ መጫን ትተው ወታደር መጫን ጀመሩ፤ ጠጅ ቤቱ ተዘጋ። አባቴ በጨርቅ የቋጠረውን ሊሬ ይዞ ወደ ነጋዴው ሮጠ። ነጋዴው እጁን እንኳ አልዘረጋለትም።

«ኸላስ፣ አበቃ» አለው። «ለልጆችህ ስጣቸው፣ ይጫወቱበት።»

ተጫወትንበት። ማሳው እሾህ አብቅሏል፣ የዘር ጉድጓዱ ባዶ ነው። እናቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ታች ስታይ ትዝ ትለኛለች።  

ከዚያ ከገላባት በኩል መድፉ ጀመረ፤ ቀጥሎ አውሮፕላኑ መጣ። አባቴ «ተነሡ፣ ጓንግን እንሻገር» አለ። ሁላችንም ስንወጣ እህቴ የቤቱን ምሰሶ ይዛ ቀረች።

«ይመጣል» አለች።

ነጋዴው ግመሎቹን እየጫነ ነበር። ሰምቶ ዞር አለ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ትናንት በጣልያን ካሚዮን ተሳፍሮ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማሲንቆውን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር።»

«ማሲንቆውን ሊያስቀምጥ ነው። ይመለሳል።»

«ግጥም እኮ ነው ልጄ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «ግጥም ነው!»

«ሰው ፊት የተባለ ግጥም ነው፣ አባባ።»

እናቴ እኔን እየጎተተች ወደ ወንዙ ገደል ወረደች። አባቴ እህቴን በግድ ሊያመጣት ተመለሰ፤ ደጃፉ ሳይደርስ ቦምቡ ወደቀ። የሣር ጎጆዎቹ እፍ እንዳሉት ኩራዝ ጠፉ። የእኛ ቤት ግን አልጠፋም። ያ የኮራንበት ቆርቆሮ ግሎ ወደ ውስጥ ወደቀባት። አባቴ በባዶ እጁ አንሥቶ አወጣት። የእጁ ቆዳ እዚያው ቆርቆሮው ላይ ቀረ። የእሷን አልነግርሽም።

በቃሬዛም፣ በአህያም አድርገን የእናቴ ዘመዶች ዘንድ ሳንጃ አደረስናት። በማርና በሰሊጥ ዘይት ስንቀባት ከረምን። ዳነች፤ መዳን ከተባለ። ግራ ፊቷ እንደ ቀለጠ ጧፍ ተጨማደደ፣ ከንፈሯ ወደ ጎን ተሳበ፣ ፀጉሯ አልበቅል አለ። ጭሱ ጉሮሮዋን ስለበላው ድምፅዋ የባልቴት ሆነ። ገበያ ስንሄድ እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ እየጎተተች «ሸፈን በይ፣ ሰው አታስደንግጪ» ትላት ነበር። ለእናቴ ፍቅር ማለት ያ ነበር።

እህቴ ግን መጠበቋን አልተወችም። «የት እንዳለሁ ጠፍቶት ነው እንጂ» ትለኛለች። «ቢያየኝ ያውቀኛል።»

ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ የገበያ ቀን አዝማሪው ሳንጃ መጣ። ማሲንቆውን ከሩቅ ሰማን። እህቴ ክንዴን ጨብጣ ሰውን እየገፋች ወደ ፊት ወጣች።  ወፍሯል። አዲስ ኮት ለብሷል። ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ ይላል፦

እሳት ቀናብኝና ከእቅፌ ወሰዳት፣
አመዷን ሰብስቤ በእንባዬ አጠብኳት።

ገበያው ያለቅሳል። አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ በዚያው ጠዋት እህቴ አጠገቧ ስትቀመጥ ፊቷን ተጸይፋ የቅቤ ቅሏን ያራቀች ሴት፣ «ወይኔ ልጄን! ምን ዓይነት ፍቅር ነው!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ከመቀነቷ ገንዘብ ፈትታ ሰጠችው። እኔ «ውሸታም!» ልል አፌን ስከፍት እህቴ በመዳፏ ዘጋችኝ።

ከዚያ ራሷ ተናገረች። «ተቀበል!»

አዝማሪ ተቀበል ከተባለ፣ የሚሰጠው ግጥም የራሱ ስድብ ቢሆንም፣ ይቀበላል። እምቢ ካለ በዚያ ገበያ ዳግመኛ አይከፈለውም። እሱም ጆሮውን ሰጣት። በዚያ በሻከረ ድምፅዋ ስንኝ በስንኝ አቀበለችው፦

አልቅሰህ ጨረስካት ቆማ ሳትቀበር፣
በጣልያን ካሚዮን ቀድመህ ስትሻገር።

ዘፈነው። ቃል ሳያጎድል፣ ጭራሽ «ቆማ» የምትለው ላይ ድምፁን አንቀጥቅጦ አሳምሮ ዘፈነው። ገበያው ሳቀ፤ በሌላ ሰው ያሾፈ መስሎታል። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ወደ እኛ መጣ፤ ነጠላው ሥር አጎንብሶ አያት። ቆይቶ አያት። አወቃት እንደሁ፣ አላወቃት እንደሁ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ግጥም አዋቂ ነዎት፣ እናቴ» አላት። «ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ክንዴን የያዘው እጇ ላላ። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ትገልጣለች ብዬ ነበር። እህቴ ግን ቀና አለችና መዳፏን ራሱ ላይ አኖረች፣ ቀስ ብላ።

«እደግ፣ ልጄ» አለችው።

ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር።