ፈቃድ የሌለው መርፌ ወጊ

ገበሬው ወደ ጤና ጣቢያችን የገቡት ወንድማቸው ደግፏቸው፣ ቀኝ እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ነበር። ከወረታ በታች ባለው ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። አልጋ ላይ አስተኝቼ የእግራቸውን ጣቶች ወደ ላይ እንዲያነሱ ጠየቅኳቸው። አልቻሉም።

"መርፌ ተወግተው ነበር?" አልኳቸው።

"ወባ ይዞኝ ዶክተሩ ወጋኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።"

ዶክተር የሚሉትን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ዶክተርም ነርስም አይደለም። ድሮ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተላላኪ ነበር ይባላል፤ አሁን መርፌና መድኃኒት በቦርሳ ይዞ በየቤቱ እየዞረ ያክማል። መቀመጫቸው ላይ የወጋበት ቦታ ማንኛውም የነርስ ተማሪ ገና ሲጀምር እንዳይነካው የሚነገረው ቦታ ነው። ነርቩን ጎድቶታል። ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው፤ ሐኪሞቹም ሊሻላቸው ይችላል፣ ላይሻላቸውም ይችላል ብለው መለሷቸው።

ንዴቴ ሳይበርድልኝ ጤና ባለሙያዎችን ወደሚመዘግበው ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነው። የሰውየውን ስም ኮምፒውተር ላይ ፈለገ።

"እኛ ጋ አልተመዘገበም" አለኝ።

"እኔም የመጣሁት እኮ ስላልተመዘገበ ነው።"

"ፈቃድ ቢኖረው እናግድበት ነበር። የሌለውን ፈቃድ እንዴት አድርገን እንነጥቀዋለን? የፖሊስ ጉዳይ ነው።" ቀጥሎ ስሜን ጠየቀኝና እሱንም ጻፈው። ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። "ያንቺ ፈቃድ ግን ጊዜው አልፏል። እስኪታደስ ድረስ በሽተኛ ማየት አትችዪም።"

ለማደስ ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው። ሥልጠናው ደግሞ መንገድ እየተዘጋ በተደጋጋሚ ቀርቷል። ይህንን አስረዳሁት። እንደሚያውቅ፣ እንደሚያዝንም ነገረኝ። እውነቱን ይመስለኛል፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌ መያዝ የተከለከልኩት እኔ ሆንኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ተጎጂው ራሱ ወይም ቤተሰቡ መጥቶ ማመልከት አለበት አሉኝ። ስለዚህ ወደ ገበሬው ቤት ወረድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሌሎች ሰዎች የእሳቸውን ሩዝ ሲያርሙ ያያሉ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"አልከስም፣ ሲስተር" አሉኝ።

"እግርዎን እኮ ነው የጎዳው።"

"እሱማ እኔው ነኝ የማነክሰው፤ አልጠፋኝም። ግን ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ ሲያለብሰው እናንተ አትመጡም። እሱ በታንኳ ይመጣል። አምና ባለቤቴ ስትታመም የደረሰላት እሱ ነው።"

እውነት ነው፣ አንመጣም። ታንኳ የለንም፤ የጤና ኬላውም በክረምት ይዘጋል። ወደ ወረታ ስመለስ ሰውየውንም፣ ቢሮውንም፣ ራሴንም ስረግም መንገዱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ካርድ ክፍል ተቀምጬ አሳለፍኩ። ከእርግዝናቸው ጀምሮ የተከታተልኳቸው ሴቶች መጥተው "ለምን አንቺ አታዪንም?" ይሉኛል። የሥራ ባልደረባዬ ብቻዋን ሰልፉን አልቻለችውም። በር ላይ ቆመው የሚያቃስቱትን እያየሁ እኔ ካርድ እፈልጋለሁ።

በአንድ የገበያ ቀን መርፌ ወጊውን መንገድ ላይ አገኘሁት። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቷል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

"ሥራ አቁመሻል ሲሉ ሰማሁ፣ ሲስተር። አይዞሽ፣ ይስተካከላል።"

እያሾፈብኝ አልነበረም። ከልቡ አዝኖልኝ ነው። የባሰ ያናደደኝም ይኸው ነው። አልፌው ሄድኩ።

በመጨረሻ ያመለከተው የገበሬው ወንድም ነው። የሁለት ቤት እርሻ ብቻውን ማረስ ሲከብደው ታላቁን ሳያማክር ሄዶ ከሰሰ። መርፌ ወጊው ታሰረ፤ ብዙም ሳይቆይ በዋስ ወጣ። አሁን ከሐሙሲት ወዲያ ባሉ መንደሮች ይሠራል ይላሉ። ለዚያ አካባቢ ጤና ቢሮም አመለከትኩ፤ መዝገባቸው ላይ እንደሌለ ነገሩኝ።

ሥልጠናው ተሰጥቶ የእኔ ፈቃድ ታድሷል፤ ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ። ለገበሬው የእግራቸውን ጫፍ ወደ ላይ የሚይዝ ማሰሪያ ከጨርቅና ከላስቲክ ሠርቼላቸዋለሁ። ደረቅ መሬት ላይ ይረዳቸዋል። የሩዝ ማሳ ግን ጭቃ ነው፤ እግራቸው ከገባ በእጃቸው ስበው ነው የሚያወጡት።

ክረምቱ ሳይገባ ለኃላፊያችን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ታንኳ ተከራይተን በሳምንት አንድ ቀን ውሃ ወደከበባቸው ቀበሌዎች እንውጣ አልኩ። ሐሳቡን ወደደው። ነገር ግን ከጤና ጣቢያው ውጭ ለመሥራት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል አለኝ። ጥያቄው ተልኳል። ርብ ሞልቷል፤ መልስ ግን እስካሁን አልመጣም።