ሁለቱ መንታ ድስቶች

ዳኛ ሆኜ ስንቱን አከራክሬያለሁ፤ እኔን በምርጫ የረታኝ ግን ወጥ ነው።

ከለውጡ በኋላ በመጣው ምርጫ ልቤ አበጠ። ውጫሌ ላይ በዳኝነት የኖርኩ ሰው ወንበሬን ለቅቄ ለምክር ቤት ተወዳደርኩ። አገሬው ይወደኛል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ምረጡኝ ለማለትም ድግስ ደገስኩ። በእኛ በአምባሰሎች ደንብ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱን ሙስሊም፣ አንዱን ክርስቲያን ያርደዋል። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላምና ወጡም ለየብቻ ነው። ከእድር የተዋስኳቸው ድስቶች መንታ ስለነበሩ፣ በሙስሊሞቹ ድስት ጆሮ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰርኩ። ብልህነቴ እኔኑ አስደነቀኝ።

ወጥ ሠሪዋ ታዲያ ድስቱ እጇን ቢያቃጥላት፣ ጨርቄን ፈትታ ሁለቱንም አወረደችበት። ከዚያ ወዲያ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። መራጮቼ ሁለት ድስት ሥጋ እያዩ እንጀራቸውን በሽሮ በሉ፤ እየሳቁ መረቁኝና ሄዱ። ተሸንፌ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ሳቁንስ ቻልኩት፤ ለካ አይፈልጉኝም የሚለው ሐሳብ ግን ዕረፍት ነሳኝ።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ውጫሌ ሲቃረብ ቤተሰቤን ወደ ደሴ ሸኝቼ፣ እኔ ዛሬ ነገ ስል መንገዱ ተዘጋብኝ። በራቸውን የከፈቱልኝ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ያውም በድንበር ክርክር የፈረድኩባቸው። ገና ሳያቸው ልመለስ ቃጣኝ። እሳቸው ግን አብሽሩ፣ አይዞዎት ብለው አስገቡኝ።

በቤቱ ሥጋ አይበላም። በጦርነቱ የጠፋ መሰለኝ። ኋላ ግን በጎች በጋጣ ሞልተው አየሁ፤ ለካ ክርስቲያኑን እኔን ላለመለየት ቤተሰቡ ሁሉ አብሮኝ ሽሮ ይበላ ኖሯል። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ስለ እኔ ብላችሁ አትራቡ፣ እረዱ ብዬ ለመንኳቸው።

በማግስቱ ሽማግሌው አንድ አውራ ዶሮ፣ ቢላና አዲስ የሸክላ ድስት ይዘው መጡ።

«ይኸው ዳኛ፣ ራስዎ ባርከው ይረዱት። እኛም የእኛን እናርዳለን። ጨርቅ ብቻ እንዳያስሩበት።»

ስቄ ሲወጣልኝ፣ የከነከነኝን ጠየቅኳቸው፤ መርጠውኝ ነበር ወይ አልኩ።

«ወላሂ አልመረጥኩዎትም» አሉ። «የፈረዱብኝ ለት ተናድጄ ነበር፤ ግን አላዳሉብኝም። ምክር ቤት ቢገቡ እኛን ማን ሊዳኘን ነው?»

እንባዬን ልጠርግ እጄን ሳነሳ ዶሮው አመለጠኝ። ለሁለት ጓሮ ለጓሮ ስናባርረው አረፈድን።