ሚኒስትሩ ስታዲየም የዋሉበት ማክሰኞ

ባለፈው እሑድ ምሳ እየበላሁ የቴሌቪዥን ዜና አያለሁ። አንድ ባለሥልጣን ውጭ አገር በተደረገ የኳስ ጨዋታ ላይ ተገኝተው ታዩ። ዜና አንባቢዋ «ለሥራ ጉብኝት» አለች። ማን እንደጋበዛቸው፣ ወጪውን ማን እንደቻለ፣ ከማን ጋር ምን እንደተነጋገሩ አልተናገረችም። ልጄ «አባዬ፣ ወጡ በረደ እኮ!» እስክትለኝ ድረስ የጠቀለልሁትን እንጀራ እንደያዝሁ ቀርቻለሁ። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። በዚህ ነገር ግን ዛሬም እደነግጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው ወታደራዊው መንግሥት ወድቆ ግንባሩ ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምሠራባት ሳምንታዊ ጋዜጣ ፒያሳ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነበር፤ እኔ የምኖረው አብነት ስለሆነ በእግሬ እመላለሳለሁ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። አትክልት ተራ ላይ የጎመን ቅጠልና ጭቃ አንድ ላይ ተረግጦ ያንሸራትታል። መርካቶ ሲደርሱ ደግሞ ሽታው ወደ በርበሬ ይለወጥና ያስነጥሳል።

በመንገዴ ላይ የጋሼ ሽኩር ሱቅ ነበረች። ገመድና ጆንያ ይሸጣሉ። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው ተሸክመው፣ ዕቃ አዙረው ሸጠው፣ በመጨረሻ ያቺን ሱቅ ያቆሙ ሰው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣችን ሲወጣ አንድ ቅጂ እወስድላቸዋለሁ፤ እሳቸው ሻይና ትኩስ ሳምቡሳ ያስመጡልኛል። ይህ ውላችን ነበር።

በጋሼ ሽኩር ሱቅ ተራ አሥራ አንድ ሱቆች አሉ፤ ሁሉም የአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የመጋዘን አጥር ተደግፈው የቆሙ ናቸው። መሬቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው። መጋዘኑ ሊሰፋ ስለሆነ ሱቆቹ ሰኞ ይፈርሳሉ የሚል ወረቀት አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ሊያስቆሙት የሚችሉት ሚኒስትሩ ብቻ ነበሩ። ባለሱቆቹ ሲመላለሱ ከርመው ቀጠሮ እንዳገኙ ሰምቻለሁ፤ ቀኑን ግን አላውቅም ነበር።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ የስፖርት ዘጋቢያችን ታመመና እኔ ስታዲየም ተላክሁ። ኳስ ብዙም አይገባኝም፤ የገባኝ ሥርዓቱ ነው። የክብር እንግዳው ሳይመጣ ጨዋታ አይጀመርም። ካታንጋ በሚባለው የርካሽ ትኬት ወገን ያለው ሕዝብ በፉጨት ያቀልጠዋል፣ ተጫዋቾች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ እንግዳው ሜዳ ወርዶ አንድ በአንድ ይጨብጣቸዋል። የዚያን ቀን የክብር እንግዳ ሚኒስትሩ ነበሩ። ማስታወሻዬ ላይ «ዘጠኝ ከአሥር፣ ተጫዋቾችን ጨበጡ» ብዬ ጻፍሁ። ክቡር ትሪቡን ላይ አጠገባቸው ግራጫ ኮት የለበሰ ወፍራም ሰው ተቀምጦ ለስላሳ ይቀዳላቸዋል፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ እያለ ያስቃቸዋል። ፎቶ አንሺያችን ሁለቱ ሲስቁ አነሳቸው። ከፎቶው ሥር የሚገባውን እኔ ጻፍሁ፦ «ክቡር ሚኒስትሩና ሌሎች ተጋባዥ እንግዶች።» የሙያችን ልማድ ነበር፤ ሹሙን በስም፣ የቀረውን በጅምላ።

ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣዬን ይዤ በኩራት ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስሜ ወጥቷል!» አልኳቸው ከሩቅ።

አልሳቁም። ከጎናቸው ሰፌድና እንቅብ የሚሸጡት እትዬ ዘነቡ ተቀበሉኝ። «ያንተ ይውጣ፤ የኛ ስም ከተራው ሊፋቅ ነው።»

«ምን ሆናችሁ?»

«ማክሰኞ አሥራ አንዱንም ሱቅ ዘግተን ሄድን» አሉ ጋሼ ሽኩር። መርካቶ በጠራራ ፀሐይ ተራው በሙሉ የሚዘጋው ለቀብር ብቻ ነው። «ወዛደሩ፣ ደላላው ሁሉ ‹ማን ሞተ? ማን ሞተ?› እያለ ተከተለን። ዘነቡማ ‹ቀብሩ ሰኞ ነው፣ እንዳትቀሩ› አለቻቸው።»

«ሚኒስትሩን አገኛችኋቸው ታዲያ?»

«የት ተገኝተው! ቀጠሯችን ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጸሐፊዋ ‹በመንግሥት ሥራ ላይ ናቸው› አለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆምን። መቼም የመንግሥት ሥራ ነው፤ ምን ይባላል? አልተቀየምንም።»

ጋዜጣውን ወደ ኋላዬ ልደብቅ ቃጣኝ። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ከእጄ ወስደው ጆንያው ላይ ዘረጉት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«ይሄ የማክሰኞ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ከአሥር።»

ጣታቸው ከሚኒስትሩ ወደ ግራጫው ኮት ተሻገረና እዚያ ላይ ቆመ። «ዘነቡ፣ ነይማ። ይህን ሰውዬ አላወቅሽውም?»

እትዬ ዘነቡ ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በስመ አብ! ሜትር ይዞ ሱቃችንን የለካው ኮንትራክተር እኮ ነው!»

እንደ ውላችን ያስመጡልኝ ሳምቡሳ ጣቴን እያቃጠለኝ መሆኑ እንኳ አልታወቀኝም። ሰውየውን ሁለት ሰዓት ሙሉ አይቼዋለሁ። ማን ነህ አላልሁትም።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ሚኒስቴሩ ሄድሁ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ትሁት ሰው ነበሩ፤ ወንበር ሰጡኝ።

«ሚኒስትሩ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?» አልኩ።

«በመንግሥት ሥራ ላይ።»

«ስታዲየም አይቻቸዋለሁ።»

«እሱም የመንግሥት ሥራ ነው። ፕሮግራማቸው ላይ ተይዟል።»

«እንግዲያው የጋበዛቸው ማን ነው? ደብዳቤውን ባየው?»

ዓይናቸውን ሳያሹ «እሱ እንኳን የግል ጉዳያቸው ነው» አሉኝ።

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ቀጠሮ ለቀረባቸው ሰዎች ሲሆን የመንግሥት፣ ለሚጠይቅ ሰው ሲሆን የግል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ኃላፊው እየዋሹ አለመሆናቸው ነበር፤ ያሉትን ከልባቸው ያምኑበታል።

አዘጋጃችን የጻፍሁትን አንብቦ መለሰልኝ። «ሰው አጠገብ መቀመጥ ወንጀል ነው? ማን እንደጋበዛቸው፣ ሰውየው ከመጋዘኑ ሥራ ጋር ምን እንዳገናኘው በወረቀት አምጣ።» ልክ ነበር። ዓርብና ቅዳሜ ያልረገጥሁት ቢሮ የለም፤ ወረቀት ግን አላገኘሁም። ሰኞ ማለዳ ግሬደር መጣ።

ከሱቃቸው የገመዱን ጥቅል ተሸክሜ ሳወጣ ጋሼ ሽኩር ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ኳስ ለምን አዩ አላልኩም። ኳስ እኔም እወዳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ኑ ያሉን ግን እሳቸው ናቸው።»

ሱቆቹን ያ የስታዲየም ሳቅ ያፍርሳቸው አያፍርሳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚኒስትሩ ተቀምጠው ቢያዳምጧቸውም ሊፈርሱ ይችሉ ነበር፤ የማላውቀውን አልጽፍም። ጋሼ ሽኩር ሌላ ሱቅ አላቆሙም። እስኪሞቱ ድረስ በአማቻቸው ሱቅ ደጃፍ፣ በሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገመድ ሸጡ። ይህን አውቃለሁ። ሌላም የማውቀው አለ። ከዚያ ሰውዬ አሥር እርምጃ አልርቅም ነበር፤ ብዕርም ወረቀትም ይዣለሁ። «ጌታዬ፣ ማን ልበል?» ብዬ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር። እንዲያውም ኮርቶ ነበር የሚነግረኝ።