ከቆጣሪው በላይ

ዝናብ የቤቱን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር፣ ከዝናቡ ድምፅ መካከል አንዲት ደረቅ «ጧ!» ዛሬም ጆሮዬ ላይ ትመጣለች። ሶዶ ውስጥ ባደግሁበት ቤት፣ በረንዳው ግድግዳ ላይ ቆጣሪ የተሰቀለበት ጣውላ ነበር፤ ፊውዝ ሲቃጠል ያቺን ድምፅ ያሰማና ቤቱ ሁሉ ድርግም ይል ነበር።

አባቴ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ አንድ ነገር ከያዘ ግን ሳይሰለች የሚደጋግም ሰው ነበር። የበልግ ዝናብ ሲጀምር እኔንና ታናሽ እህቴን በረንዳው ላይ አቁሞ፣ ከሩቅ በጣቱ እያመለከተ ያስተምረን ነበር። ከቆጣሪው በታች ያሉት ነጫጭ የሸክላ ፊውዞች የቤታችን ነበሩ፤ ሲቃጠሉ እሱ ራሱ ማጥፊያውን ዘግቶ፣ እጁን አድርቆ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ በልኩ የተገዛ ቀጭን ሽቦ ይተካባቸው ነበር። ወፍራም ሽቦ የሚጠቀልሉ ጎረቤቶች ሲያሾፉበትም «ፊውዙ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው» ብሎ ያልፋቸው ነበር። ከቆጣሪው በላይ ግን በእርሳስ የታሸገች ጥቁር ሳጥን ነበረች፤ ከምሰሶው የሚመጣው መስመር መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ውስጥ ባለው ዋና ፊውዝ ላይ ነበር።

«ከቆጣሪው በላይ ያለው የእኛ አይደለም» ይለን ነበር። «ማጥፊያውን ብትዘጉትም እሷ ውስጥ ያለው አይጠፋም። መብራት ሰው ቢይዝ ደግሞ ሰውየውን በእጃችሁ እንዳትነኩት፤ በደረቅ እንጨት ነው የሚላቀቀው።»

እናቴ፣ እኛ በወላይትኛ አዬ የምንላት፣ የታጠበ ልብስ ተሸክማ በአጠገባችን ስታልፍ «እነዚህን ልጆች የመብራት ሠራተኛ ልታደርጋቸው ነው እንዴ?» እያለች ትስቅበት ነበር። የምታዳምጠው አይመስለኝም ነበር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የምንጠብቀው ጊፋታን ነበር። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነውና፣ በየገጠሩ ያለ ዘመድ ሁሉ ወደ ትልቁ ወንድም ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ ትልቁ ወንድም ደግሞ አባቴ ነበር። አዬ ቅቤውን ከወራት በፊት ማጠራቀም ትጀምራለች፤ ግድግዳው ይለቀለቃል፣ ቆጮው ይዘጋጃል። በዚያ ዓመት ደግሞ የአባቴ ትላልቅ አጎቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤሌ ወደ እኛ ቤት ሊመጡ ስለነበር፣ አዬ ሳሎኑ ላይ አዲስ ረጅም አምፖል አሰቅላ፣ እየመላለሰች ታበራውና ታጠፋው ነበር።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ማርቆስ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ቤሌ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን፣ ሳቂታ፣ እጁ ብልህ የሆነ ወጣት ነበርና እኔና እህቴ እንደ ጥላ እንከተለው ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ዘነበና ያቺ «ጧ!» ተሰማች። የጎረቤቶቻችን መስኮቶች ሁሉ እንደበሩ የእኛ ቤት ብቻ ጨለመ። አባቴ የታች ፊውዞቹን አንድ በአንድ አይቶ ደህና መሆናቸውን ሲያረጋግጥ፣ የተቃጠለው የላይኛው መሆኑ ገባው፤ ጃንጥላውን ይዞም ለመብራት ሠራተኞቹ ሊያመለክት ወጣ።

እሱ እንደወጣ ማርቆስ ወንበር ጎትቶ በረንዳው ላይ አቆመ።

«ማርቆስ፣ ተው! እሷን ማንም አይነካም ብሏል ወንድምህ» አለች አዬ።

«አስቴር እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተው በጨለማ ሊቀመጡ ነው? ነገ ቤሌ ሙሉ የሚያወራው ይህን ነው። ደግሞ ማጥፊያውን ዘግቼዋለሁ፤ ምን ይሆናል?»

አዬ ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አዲሱን አምፖል ስታይ አየኋት። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ ዝም ያሰኛት እፍረት ነበር።

ማርቆስ እርሳሱን በጥሶ ሳጥኗን ከፈተና፣ በግራ እጁ የበረንዳውን የብረት ቋሚ ተደግፎ፣ እጀታው የተላላጠ ፒንሳ ወደ ውስጥ ሰደደ። ጩኸት አልሰማሁም። ሰውነቱ ብቻ ደርቆ ቀረ፤ ጥርሱ ገጠመ፣ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እህቴ ሳቀች፤ የሚቀልድ መስሏት ነበር።

አዬ ግን በአንድ እጇ እኔንም እህቴንም ወደ ኋላ ገፍታ «እንዳትነኩት!» ብላ ጮኸችና ወደ ጓዳ ሮጠች። ስትመለስ የሙቀጫውን ዘነዘና ይዛ ነበር። ደረቁ የሳሎን ደፍ ላይ ቆማ፣ ፒንሳውን የጨበጠ እጁን ባላት ኃይል መታችው። ማርቆስ ከነወንበሩ እርጥቡ በረንዳ ላይ ወደቀ፤ ከዚያም እንደ ሕፃን ልጅ ጮኾ አለቀሰ። ያ ለቅሶ ያን ቀን ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ ደስ የሚለው ነበር።

አባቴ ሠራተኞቹ በማግስቱ ጠዋት እንደሚመጡ ሰምቶ ሲመለስ፣ ወንድሙን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ። መዳፉ ተቃጥሎ፣ የእጁ አንጓ ደግሞ በዘነዘናው ተሰብሮ ነበር። ልቡ ደህና መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አዬ ከጓዳ አልወጣችም፤ ሾልኬ ስገባ የቅቤው እንስራ አጠገብ ዘነዘናውን እንደያዘች ተቀምጣ አገኘኋት።

ማታ ሽማግሌዎቹ መጡ። በሁለት ፋኖስ ብርሃን በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ፤ ስለ ጨለማው አንድም ሰው ያነሳ አልነበረም። ማርቆስ እጁ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ መካከላቸው ተቀምጦ «እኔን የመታኝ መብራት አይደለም፣ አስቴር ናት» እያለ ያስቃቸው ነበር። አዬ ግን አልሳቀችም። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ምሽቱን ሙሉ አንድም የተግሣጽ ቃል አልተናገረም፤ ጉርሻ ብቻ ያቀርብላት ነበር።

ዛሬ እኔም ሶዶ ውስጥ የራሴ ቤት አለኝ። በሸክላ ፊውዝ ፈንታ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ብሬከር አለ፤ ሲወድቅ በጣት ወደ ላይ ይገፋል። ልጆቼ ጓደኞቻቸው ቤት እንደሚያዩት ሲወድቅ ማንሳት ብቻ ያውቃሉ። ባለፈው ክረምት ግን ደጋግሞ ወደቀብኝና፣ አንድ ቦታ ጉዳት አለ ብዬ፣ ባለሙያ እስኪመጣ ዘግቼ ተውኩት። በዚያው ምሽት የባለቤቴ የመሥሪያ ቤት አለቆች እራት ተጋብዘው ነበር። በሩ ሲንኳኳ ባለቤቴ ሻማ እየለኮሰ «እንግዶቹ ምን ይሉናል?» አለኝ።

«ጨለማ ነው ይላሉ» አልኩትና በሩን ከፈትኩላቸው።