ተራራው የሚቀርብበት ሳምንት

ሰው እስር ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። እርጥብ ልስን ላይ የዘይት ቀለም ደፍተውበታል፤ ቀለሙ እንደተቃጠለ ቆዳ አብጦ አብጦ ፈንድቷል። «መታሰር የነበረበት ይህን የቀባው ሰው ነው» አልኩ። ከውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ሠዓሊውን ያወቅሁት በዚያ ሳቅ ነው።

የታሰርኩት በአፌ ነው። የካዛንቺስ ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። ሁሉም ዝም ሲል ተነሳሁና «የምታፈርሱት ቤት ውስጥ ሰው አለ፤ ክረምቱ እስኪወጣ እንኳን ጠብቁ» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። አዳራሹ አጨበጨበ። ጥፋቴ ጭብጨባው ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው «አባት፣ ለአምስት ደቂቃ ይፈለጋሉ» አሉኝ። በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ሐምሌ መጨረሻ ነበር። አምስት ደቂቃው እስከ ጥቅምት ሄደ።

ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ሆንን። ሽታው የበረኪናና የእርጥብ ካልሲ ነው። መስኮት የሚሉት ከጣሪያው ሥር ያለ፣ በሽቦ የታጠረ ክፍተት ነው፤ የሚያሳየውም የጎረቤት ቆርቆሮና መዳፍ የምታክል ሰማይ። ሠዓሊው የሚተኛው ከሥሩ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ይረጨዋል፤ ቦታ እንቀያየር ያለውን ሁሉ እምቢ ይላል። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን ነው፤ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም አልለቀቀም።

በሦስተኛው ቀን «አንተ፣ እዚያ ምን ታያለህ?» አልኩት።

«ደመናውን ነዋ አባባ። የዛሬው ከትናንቱ ይከብዳል።»

«ዝናብ ነው በቃ።»

«ዝናብ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስልዎታል?»

«ለእኔ አንድ ነው። ክረምት ማለት የውጪ ግድግዳ አይቀባም፣ ሥራ የለም ማለት ነው። ምኑ ይወደዳል?»

ከማዶ የተኛው የሚኒባስ ሹፌር «ፋዘር፣ ሁለት ቀለም ቀቢ አንድ ላይ አስረው ይህን ግድግዳ እንኳን አላስቀቡትም!» አለ። ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅነው ይህንኑ ነው።

ሠዓሊው ከኡራኤል ጀርባ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከበረንዳው እንጦጦ ይታያል፤ ከፊቱ ደግሞ የካዛንቺስ ቆርቆሮ። አሥራ አንድ ዓመት ያንኑ ተራራ ስሏል። ሌላ አይስልም። ግንቦት አቧራ ያለብሰዋል፣ ሐምሌ ጭራሽ ይውጠዋል፣ በኅዳር ደግሞ ሣሩ ሲደርቅ ሌላ ተራራ ይሆናል ይላል። ልማዱ ከየሥዕሉ ጀርባ መጻፍ ነው፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደመናው ከየት እንደመጣ፣ ጥላው የትኛው አጥር ላይ እንደደረሰ። እሱን ካልጻፈ በማግስቱ ያንን ብርሃን መልሶ አያገኘውም። አጥሩ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሆኖ ተገኘ። ቤቱን ሲፈትሹ ሥዕሎቹን ገልብጠው ጀርባቸውን አነበቡ። ፊታቸውን ያየ የለም።

«አሥራ አንድ ዓመት አንድ አጥር ላይ ሰዓት የሚይዝ ሰው ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁት። «ሠዓሊ» ቢላቸው በጥፊ አሉት።

«አባባ፣ የሚያቃጥለኝ ጥፊው አይደለም» አለኝ። «ክረምቱ ሲወጣ፣ ጳጉሜን አካባቢ፣ አንድ ሳምንት አለች። አየሩ ታጥቦ ያልቃል። ጠዋት ሲነሱ ተራራው ሰማያዊ ሆኖ፣ ቀርቦ ያገኙታል። እጅዎን ቢዘረጉ የሚነኩት ይመስልዎታል። ከዚያ አደይ ይፈነዳና ያ ሰማያዊ ይሄዳል። እስከዛሬ ያቺን ሳምንት በደንብ አልያዝኳትም። ዘንድሮ እይዛት ነበር።»

«ሰባ ዓመት ከሥሩ ኖሬ ተራራ ሲቀርብ አላየሁም።»

«ቀና ብለው ስላላዩ ነው።»

ተናደድኩ። ቀና ለማለት ጊዜ የነበረው እሱ ነው። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ የማየው ብሩሼን ነበር። ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ልጅ እግር ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ሻይ አዘዘልኝ። የፈራሁት ያኔ ነው።

«አባት፣ እርስዎ እዚህ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ዛሬ ቤትዎ ሊያድሩ ይችላሉ።» ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «ሠዓሊው የነገረዎት ነው። ይፈርሙበት።»

«መነጽሬን በር ላይ ወስዳችሁብኛል።»

«እኔ ላንብብልዎት።»

«የለም። መነጽሬ ይምጣ።»

መጣ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጣቴን ካላስቀደምኩ አላነብም። ጽሑፉ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ እኔ ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አነበብኩት። መርማሪው ስልኩን ያያል፣ በሩን ያያል። «ቶሎ በል እንጂ ሽማግሌ!» አለ። እርስዎታው እዚያ ላይ አለቀ።

ወረቀቱ «የመሥሪያ ቤቱን ግቢ የማጠናው ለላኩኝ ሰዎች ነው ብሎ ሠዓሊው ነግሮኛል» ይላል።

«ይህን አልነገረኝም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ምን ሲነግርህ ነበር?»

«ስለ ክረምት። በጳጉሜን ተራራው ይቀርባል ብሎኛል። እሱን ጻፍ፣ እፈርማለሁ።»

ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «የእናንተ መስመር ማክሰኞ ይፈርሳል» አለኝ። «ባለቤትህ ብቻዋን ናት አሉ። ቁም ሳጥኑን ማን ሊያወጣላት ነው? እኔ?»

ባለቤቴ ወገቧን ያማታል። ያን ቁም ሳጥን ለሠርጋችን ያመጣሁት በትከሻዬ ነው። እስክሪብቶውን አነሳሁ። መርማሪው ወንበሩን ተደገፈ። ለፊርማ በተተወው ቦታ ላይ፣ በዚያ በተንጋደደ ፊደሌ፣ «ይህን አልነገረኝም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

አልመታኝም። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደውና «ሂድ፣ ዝናብ ቁጠር» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሠዓሊውን ጠሩት። አልተመለሰም፤ ፌስታሉንም ዘበኛ መጥቶ ወሰደለት። ከመስኮቱ ሥር እኔ ተኛሁ።

ማክሰኞ ቤታችን ፈረሰ። ጎረቤት ቁም ሳጥኑን አስፋልት ዳር አድርሶላታል፤ ሁለት ቀን ዝናብ ሲደበድበው ኮምፔንሳቶው ተላቀቀ። ጳጉሜን መጣች፣ አለፈች። በዚያ ክፍተት ተራራ አይታይም። እኔ ያየሁት ቆርቆሮ ነው።

ከተፈታሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መቀበያውን ስቀባ ሠዓሊው ሥዕል ሊሰቅል መጣ። ትልቅ ሥዕል ነው፦ ተራራ፣ አደይ አበባ፣ ፀሐይ። ምን ሰዓት እንደሆነ አይለይም።

«አባባ! አሉ?»

«አለሁ። ክረምቱስ?»

«ተውኩት። ሆቴል ክረምት አይገዛም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለተኛ ውጪ ቆሜ አልስልም ብዬ ፈርሜ ነው የወጣሁት። ሥዕሎቹን አልሰጡኝም።» ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀጠለ፦ «ወረቀት ከሩቅ አውለብልበው፣ ሽማግሌው ፈርሞብሃል፣ አልቆልሃል አሉኝ። ያኔ እኔም ፈረምኩ። አልተቀየምኩዎትም አባባ። ቤት ነበረብዎት።»

«አልፈረምኩም» አልኩት።

«እሺ አባባ» አለኝ። ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። ለሽማግሌ የሚባል እሺ ነበር። የተቀደደ ወረቀት ከየት አምጥቼ ላሳየው? ሥዕሉን ሰቅሎ ሄደ።

አሁን የምንኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ልጃችን ጋ ነው። ያን ቀን ብፈርም ቤቴ አይተርፍም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ቁም ሳጥኑ ግን ይተርፍ ነበር። ባለቤቴ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ጳጉሜን፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቼ ቀና ብል፣ ተራራው ቀርቧል። ሰማያዊ ነው፤ የዛፎቹ ጫፍ እንኳን ይቆጠራል። ሠዓሊው አልዋሸም። ብቻዬን ቆሜ ተናደድኩ።

በዚያው ሳምንት ሆቴሉ ግድግዳውን እንዳድስ ጠራኝ። ለመቀባት ሥዕሉን ማውረድ ነበረብኝ። ጀርባውን አየሁት። ባዶ ነው፤ ቀን የለው፣ ሰዓት የለው። እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩና ጻፍኩበት፦ «ጳጉሜን ሦስት። ጠዋት አንድ ሰዓት። ደመና የለም። ተራራው ቀርቧል።» ከሥሩ ፈረምኩ። ግድግዳው ሲደርቅ መልሼ ሰቀልኩት።