ሽማግሌው መብራት

ሰፈሩ «ባለመብራቱ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ የሰው ፊት ላይ ብርሃን ሲያፈስ የኖረ ሰው ነው። ዋናውን መብራት ከተቀማጩ ዓይን ከፍ፣ ትንሽም ወደ ጎን ፈቀቅ ያደርገዋል፤ የአፍንጫው ጥላ ጉንጭ ላይ አጠር ብሎ እስኪተኛ። በወዲያኛው ወገን ነጭ ሰሌዳ ያቆማል፤ ጥላው እንዲለዝብ። ከኋላ ደግሞ ትንሿ መብራት ፀጉርን ከግድግዳው ትለያለች። «ቶሎ በለው እንጂ» የሚል ችኩል ደንበኛ ሲመጣበት፣ ጥላ ከሌለበት ፊትህ ሳህን ይመስልልሃል እያለ ያስቀዋል።

ይህን ሁሉ የተማረው በሚስቱ ፊት ላይ ነው። በወጣትነታቸው፣ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ፣ በርጩማው ላይ ትቀመጥለትና እሱ መብራቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያረፍድ ነበር። ፊቷ እንዳይደርቅ «እስቲ አንጎራጉሪ» ይላታል። እሷም ሁልጊዜ ያችኑ፣ ራሷ የገጠመቻትን ታዜምለታለች፤

*ደጅህ ላይ ቆሜያለሁ ጥላዬን ጥዬ፣*
*ብርሃን ከሆንክማ ና ውጣ ብዬ።*

ከአምስት ዓመት በፊት ዓይኗ ቀስ በቀስ ደክሞ፣ እንደ ጉም የነጣ ነገር ለብሶ ጠፋ። ቤቱን በእጇ ታውቀዋለች፤ የትኛው ጽዋ ጫፉ እንደተሸረፈ ሳይቀር። ካሜራ ፊት ግን ከዚያ ወዲህ ተቀምጣ አታውቅም። ወዴት እንደምመለከት እንኳ ሳላውቅ የምን ፎቶ ነው ብላ ነገሩን ትቆርጠዋለች።

ታዲያ ሩቅ ያለችው ልጃቸው ሴት ልጅ ወለደች። ከአልጋዋ በላይ የምሰቅለው የእማዬን ፎቶ ላኩልኝ፣ የድሮውን ሳይሆን የአሁኑን፣ ልጄ አያቷን እያየች ትደግ ብላ ለመነች። ሚስቱ ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣ እሺ አለች፤ ግን አንዴ ብቻ፤ ካልሆነ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።

ባለመብራቱ ዓምና የገዛቸውን አዳዲስ ነጫጭ መብራቶች አቆመ፤ አስቀመጣት። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ቀና በይ፣ አሁን አገጭሽን ዝቅ አለ። ባዘዛት ቁጥር ፊቷ እየተገተረ ሄደ። አንገቷ ተወጠረ፣ እጆቿ የበርጩማውን ጠርዝ ጨበጡ፣ ዓይኖቿ የጠፋበትን ሰው እንደሚፈልግ ሰው ተንከራተቱ። ሃያ ጊዜ ያህል አነሳ፤ በሃያውም ሌላ ሴት ሆነችበት።

«መብራቱን አታበራውም እንዴ?» አለችው በመጨረሻ።

«በርቷል እኮ።»

«ታዲያ የታለ?»

እጁን ወደ መብራቱ ዘረጋ። አዲሶቹ መብራቶች ሙቀት የላቸውም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት፣ ዓይኗ ጤነኛ ሳለም ጭምር፣ ብርሃኑን ስታውቀው የኖረችው በቆዳዋ ነው!

ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባ። ከቁምሳጥኑ ጀርባ አሮጌውን የብረት መብራት ጎትቶ አወጣው። ሲግል ብረቱ እየተንቋቋ ስለሚያቃስት ድሮ «ሽማግሌው» ነበር የሚሉት። ሰካው። የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፤ ብረቱም ማቃሰቱን ጀመረ።

ፊቷ በራ። «መጣህ አንተ ሽማግሌ?»

«እኔን ነው?»

«አንተማ መቼ ትሞቃለህ።»

ከዚያ በኋላ አዛዧ እሷ ሆነች። ዝቅ ብሏል፣ አገጬን ነው የሚያሞቀኝ አለችው፤ ከፍ አደረገው። ጆሮዬ ምን አደረገህ፣ እሱን ብቻ ታሞቃለህ ስትለው ወደ ፊት አመጣው። ትከሻዋ ረገበ፤ እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳረፉ ወፎች ሆነው ተኙ።

በዚህን ጊዜ የልማዱ እጅ ሠራ። ባለመብራቱ የሰውን ጠባሳ፣ የሰውን ሸንቃፋ ጥርስ በጥላ ሲሸፍን የኖረ ሰው ነው፤ ማንም ከእሱ ቤት አፍሮ አልወጣም። አንድ ቀጭን ጥቁር ካርቶን አነሳና በመብራቱ ፊት ያዘው፤ የነጡት ዓይኖቿ ላይ ጥላ እንዲወድቅ። የደበቀላት መሰለው።

እሷ ግን ፊቷን ወዲያና ወዲህ አደረገች። «ግንባሬ ይሞቃል፣ ጉንጬ ይሞቃል» አለች። «ዓይኔን ደበቅከው?»

መዋሸት አቃተው። «ሕፃኗ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«ልጄ የአሁኗን እናቷን ነው የጠየቀችው። የሚያሳፍርህ ከሆነ የድሮውን ላክላት።» ይህን ብላ ለመነሳት በእጇ በርጩማውን ተደገፈች።

ሁለተኛ እንደማይጠይቃት ያውቃል። ካርቶኑን ጣለው። ሲወድቅም ሰማችው።

«ተቀመጪ፣ የኔ ዓለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ተቀመጠች። ፊቷ ቀስ ብሎ ወደ ሙቀቱ ዞረ፤ ሁለቱም የዓይኗ ቆቦች እኩል እስኪሞቁ ፈልጋ ፈልጋ አንድ ቦታ ላይ ጸናች። ዓይኖቿን ገለጠች። ማንም ሳይጠይቃት ማንጎራጎር ጀመረች፤ *ደጅህ ላይ ቆሜያለሁ…* እሱም «ና ውጣ» ላይ ስትደርስ አነሳት።

ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ወረቀቱን እጇ ላይ አኖረላት። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ልስላሴ ብቻ ነው። ምን ይታያል ብላ ጠየቀች።

ጎንበስ ብሎ አየው። «ጉም ላይ ሁለት ፋኖስ» አለ። «ሽማግሌው ዓይንሽ ውስጥ ተቀምጧል።»

«በሁለቱም?»

«በሁለቱም።»

«እንግዲያው ላከው» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋም፣ ሽማግሌውን ወደ ዕቃ ክፍሉ እንዳትመልሰው፣ እዚያ ይበርደዋል ብላ አስጠነቀቀችው።