ቅጠሉ ነቀዙን አልገደለውም

ይህን ነገር ለማንም በአፌ ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ ፆም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴን ማስቀየሜን። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እሳቸው «ሌላስ ልጄ?» ይላሉ፤ እኔ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! ምናልባት እናንተን ስለማላውቃችሁ ይሆናል የደፈርኩት። ፈሪ ነኝ፤ ይህንንም ከወዲሁ እወቁልኝ።

አምቦ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ለወጣቶች የሚሆን የሳይንስ መጽሔት በኢንተርኔት እናወጣ ነበር። ከጊንጪ፣ ከወንጪ፣ ከጉደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሞከሩትን ነገር ጽፈው ይልኩልናል። አብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ይመጣል፤ ከእኛ አንዱ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። የተመለሰው ለጸሐፊው ሳይታይ አይወጣም። ይህን ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ያፈረስኩትም እኔው።

ሌሊሴ የባኮ ልጅ ናት፤ ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበረች። የአባቷን በቆሎ በሦስት ጆንያ ከፈለችው። አንዱን ከአመድ፣ አንዱን ተባይ ያባርራል ከሚባለው ከኒም ዛፍ ደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቀለች፤ ሦስተኛውን እንዲሁ ተወችው። ከዚያ ነቀዝ ስትቆጥር ከረመች። አስቡት፣ ነቀዝ መቁጠር! በእጇ የጻፈችውን የባዮሎጂ አስተማሪዋ ኦቦ ፈቃዱ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር በሁለት ጣት እየለቀሙ ተይበው ላኩልን። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ አመዱ ነቀዙን ቀንሶታል፣ ቅጠሉ ምንም አልፈየደም።

አነበብኩትና ተናደድኩ። አመድ! አመድማ በቆሎ ያለው ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ይሄ ምኑ ሳይንስ ነው? የመጀመሪያ እትማችን ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉድ እንዲሉልን ቋምጠናል። ጓደኞቼ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ እኔ ትርጉሙን ልጨርስ ብዬ ቀረሁ። የአመዱን ቁጥር ወደ ቅጠሉ፣ የቅጠሉን ወደ አመዱ አዛወርኩት። ማጠቃለያውንም በዚያው ልክ ጻፍኩት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማን ገፋኝ? ማንም። ስጨርስማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ድረስ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ለልጅቷ ለምን አላሳየኋትም? «ባኮ ኔትወርክ የለም» አልኳቸው ለጓደኞቼ። እውነትም ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ነበር። ስልክ ግን ይሠራ ነበር፤ «ወጥቶልሻል!» ብዬ ላበስራት ደውዬ የለ እንዴ? እልል ስትል ሰምቻታለሁ። የወጣውን ሳታየው፣ ኦቦ ፈቃዱም ሳያዩት፣ በዚያው ጽሑፍ አዲስ አበባ ለተማሪዎች የሳይንስ ውድድር ተጠራች። ያሸነፈች የትምህርት ወጪዋ ይሸፈንላታል ተባለ። አባቷ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አቅም እንደሌለው ራሷ ነግራኛለች።

መጽሔቱን ወክዬ አብሬያቸው ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ከኦቦ ፈቃዱ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ሱፋቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈገግ ይላሉ። እኔ እያወቅኩ ነው የሄድኩት፤ አይጠይቁም ብዬ፣ ያልፋል ብዬ። ከዳኞቹ አንዷ መነጽሯን አስተካክላ ከመጽሔታችን የታተመውን ወረቀት አነሳች።

«ቅጠሉ ነቀዙን እንዴት የገደለው ይመስልሻል?» አለቻት።

ሌሊሴ ግራ ገባት። «አልገደለውም» አለች። «አመዱ ነው እንጂ።»

«እዚህ ላይ ግን ቅጠሉ ነው የሚለው።»

ሌሊሴ ደብተሯን አውጥታ ገለጠችላት። ሴትዮዋ ሁለቱን አስተያየችና ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እናንተ ናችሁ የቀየራችሁት?»

አሁን ልንገራችሁ። አዎ ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። የተላከልን ፋይል በኢሜይላችን ውስጥ ተቀምጧል፤ የይለፍ ቃሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። «እኛ የመጣልንን ነው የምናወጣው» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የት ተምሬው ነው እንዲህ ያለ ውሸት?

ሰው ሁሉ ኦቦ ፈቃዱን ተመለከተ። ቀስ ብለው ተነሱ። «የተየብኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ተሳስቼ አቀያይሬው ይሆናል። ልጅቷ ጥፋት የለባትም።» ከኋላችን አንዱ «ተማሪውን ለማሸለም ብሎ ነው» ሲል ሁላችንም ሰማን። ሌሊሴም ሰማች። አስተማሪዋን ያየችበት አስተያየት ከዓይኔ አይጠፋም። ዳኞቹ ጽሑፉና ደብተሩ አይገጥሙም ብለው ከውድድሩ አስወጧት። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከእሳቸው ርቃ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር በቫይረስ ተበላሽቶ ስለነበር ዋናው ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። አምቦ እንደገባሁ ሰረዝኩት። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሌሊሴን አምቦ መናኸሪያ አገኘኋት። ባኮ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች፤ ለሱቋ ዕቃ ልትገዛ ነው የመጣችው። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። እኔን ስታይ አቀፈችኝ፣ እኔን! ስለ ኦቦ ፈቃዱ ጠየቅኳት። «መንገድ ላይ ሳየው አልፈዋለሁ» አለች፤ አንተ ብላ ነው የጠራቻቸው። «ሳይንስ አስተምሮኝ በሳይንስ የዋሸ ሰው ነው።» ሻይ ጋበዝኳት። ሂሳቡን ከፍዬ ተሰናበትኳት።

በሳምንቱ ለኦቦ ፈቃዱ ልነግራቸው ቆርጬ ባኮ ሄድኩ። ጡረታ ወጥተዋል። «ያቺ የመጽሔቷ ልጅ! አካም ጂርታ!» ብለው ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ፤ እርጎ አስቀረቡልኝ። ጨዋታውን ራሳቸው ወደዚያው አመጡት። «እስከ ዛሬ ይገርመኛል» አሉ። «የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አላውቅም። ደጋግሜ አይቼው ነበር እኮ። ከዚያ ወዲያ የተማሪ ሥራ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ኑ ሲሉኝ ሌላ ሰው ፈልጉ እላለሁ። የልጅ ዕድል አበላሸሁ።» ይህን ሁሉ ያሉኝ እርጎውን ጠጪ እያሉኝ ነው። ጠጣሁት። አመስግኜ ወጣሁ። ሰው እንዲህ ይሆናል? እኔ ሆንኩ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። ኔትወርክ አልነበረም አልልም። ይቅር በሉኝ ብዬም እናንተን አላስቸግርም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? ይህን ጽሑፍ በሙሉ ስሜ፣ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ለሁለቱም ልኬዋለሁ። የሌሊሴ ሥራ በወጣበት ገጽ ላይም ትክክለኛው ቁጥር ከነጥፋቴ ወጥቷል።

ኦቦ ፈቃዱ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። አንዲት ቁጥር እንኳ አላቀያየሩም። ሌሊሴ፣ እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ፤ ስድብሽንም እርግማንሽንም እችላለሁ። እሳቸውን ግን ባክሽ፣ ሂጂና ሰላም በያቸው።